በልክ የተነፋ ጎማ

የግራና ሰው ከቀብር ሲመለስ የመስኖው ፓምፕ በቦታው የለም። የታሰረበት ሰንሰለት ተቆርጦ ወድቋል፤ ውሃ የሚስብበት ቱቦ ብቻውን ወንዙ ዳር ተጋድሟል። ፓምፑ ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ብርቱካንና ሽንኩርት በሙሉ በእሱ ነው የሚጠጣው።

ቀብሩ የወይዘሮ ውባለም ነበር። ግራና ላይ ሰው ሲሞት እስላም ነው ክርስቲያን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ወጥቶ ይሸኛል፤ የቀረ ሰው ዓመት ሙሉ ይታማል። የዚያን ዕለት የፓምፑ ዘበኛ እንኳ ስራውን ጥሎ ሄዷል። «ያን የሚያህል ብረት ማን አዝሎት ይሄዳል?» ብሎ ነበር አሉ ሲወጣ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ኋላ ይቺን አባባሉን መንደሩ ተቀባበላትና ሰውየው አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ።

ሌባው መቼ አዘለው! በመኪና ነው የጫነው። ከቦዩ በፈሰሰ ውሃ የራሰው መንገድ ላይ የጎማ ዱካ ገብቶ ወጥቷል። ሰው እንዳይረግጠው ዳር ዳር ቆመና ሼህ አብዱልሐሊም ተጠሩ። እኒህ ሰው ፋና አንባቢ ናቸው። በሬ ሲሰረቅ፣ ግመል ሲነዳ፣ ኮቴውን ተከትለው ቆላ ድረስ ወርደው ያስመልሳሉ፤ የእያንዳንዱን ከብት እግር እንደ ሰው ፊት ለይተው ያውቁታል። መኪና ወደ ግራና መመላለስ ከጀመረ ወዲህ የመኪናውንም አጥንተውታል። የማን ጎማ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የማን መኪና ወደየት እንደሚያዘነብል ይነግሩሃል። አጎንብሰው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«የጁነይድ ነው» አሉ።

 ጁነይድ የልጃቸው የናጅዋ ባል ነው፤ በአሮጌ ፒካፕ ከግራና ብርቱካን እየጫነ ወልድያና ቆቦ የሚያመላልስ። ሰሞኑን መንደሩ ውስጥ አልታየም፤ ቀብርም ቀርቷል። አመሻሹ ላይ ባዶ መኪናውን እየነዳ ብቅ ሲል ደግሞ አሮጌዎቹ ጎማዎች የሉም፤ አራቱም በአዲስና በሰፋፊ ተቀይረዋል። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሼሁ እዚያው ላይ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። «ልጄ የሌባ ሚስት ሆና አታድርም» አሉ። ጁነይድን ፖሊስ ወሰደው።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር የሻረግ ናት። የመርሳ ሰው ያውቃታል፤ ጥያቄ አይሰለቻትም። ገበያ ወጥታ ቲማቲም ስትገዛ እንኳ ከየት መጣ፣ ማን ዘራው፣ ለምን ዘንድሮ አነሰ ሳትል አትመለስም። እናቷ በልጅነቷ «አንቺን ያገባ ሰው ምን ይውጠው ይሆን» ይሉ ነበር። አብሯት የሚሰራው ሳጅን ዓሪፍ ግን ጥያቄ አይወድም፤ ለሱ ይሄ ጉዳይ ያለቀ የደቀቀ ነበር። አማቱ መስክረዋል፣ ሰውየው ቀብር አልተገኘም፣ ጎማውን ቀይሯል፤ ሌላ ምን ተፈለገ?

«አማት የሚዋሹት ለአማች እንጂ በአማች ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ሼሁ አይዋሹም» አለችው የሻረግ። «ግን የማይዋሽ ሰው አይሳሳትም ያለህ ማን ነው?»

በማግስቱ ግራና ስትደርስ ዱካው እሾህ ታጥሮበት ጠበቃት። ሼህ አብዱልሐሊም እንቅልፍ እንዳጡ ዓይናቸው ያሳብቃል፤ ድምፃቸው ግን አልተናወጠም። በበትራቸው ጫፍ ጠቆሟት።

«ይቺን ጠባሳ ታያለሽ ልጄ? መሀሉ ላይ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠችዋን? ሲሪንቃ ላይ ድንጋይ የቆረጠው ነው። ከዚህ አገር ይቺ ጠባሳ ያለችው የጁነይድ ጎማ ላይ ብቻ ነው።»

የሻረግ ተንበርክካ አየች። በዱካው ሁለት ጠርዝ የጎማው ጥርስ ጥርት ብሎ ታትሟል። መሀሉ ያለቀ ነው፤ ልሙጥ። ጠባሳዋ እዚያ ልሙጡ ላይ ተቀምጣለች። ሼሁ እንደነገሯት የጁነይድ ፋና ሁልጊዜ ከዚህ ቀጠን ይል ነበር፤ አሁን የሰፋው ፓምፑ ከብዶት ነው። የተጫነች በቅሎ ኮቴዋ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ነገሩ ልክ ይመስላል። የሻረግ ግን ዱካውን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፤ መኪናው ወደገባበት ወደ ዋናው መንገድ። ከዚያ ተመለሰች።

«ሲገባ ባዶ አልነበረም እንዴ?» አለቻቸው።

«ባዶ ነበር።»

«የገባበትም ዱካ እኮ እንደወጣበቱ ሰፊ ነው፤ ይዩት።»

አዩት። ሄደው አንዱን፣ ተመልሰው ሌላውን አዩ። «ጭቃው ይሆናል» አሉ በመጨረሻ፤ አባባላቸው ግን ቅድም «የጁነይድ ነው» እንዳሉት አልነበረም። የሻረግም ለምን እንደሰፋ አላወቀችም። ያላወቀችው ነገር ሲገጥማት ደስ ስለሚላት ደስ እያላት ወደ መርሳ ተመለሰች።

ጁነይድ ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲናገር ሰው ፊት የማያይ ሰው ነው። የነገራት ይህ ነው፦ ጎማዎቹን ያስቀየረው ሰኞ ነው፤ ስርቆቱ ሐሙስ። ወልድያ ጌትነት የሚባል ጎማ ሰሪ ወዳጅ አለው። አዲሶቹን ገጠመለት፤ አሮጌዎቹን እዚያው ተወለት። ከዚያ ወልድያ እያደረ ቆቦ ጭነት ሲያመላልስ ሰነበተ። ሐሙስ ጠዋት ንፋስ ሊያስሞላ ጌትነት ጋ ቆሞ ሳለ የወይዘሮ ውባለም መርዶ በስልክ መጣለት። ለቀብሩ ለመድረስ ባዶ መኪናውን ይዞ በረረ። ግን መኪናው በአዲሶቹ ጎማዎች እንደ ኳስ ይነጥራል፤ መሪው አልጨበጥ አለው። ሲሪንቃ አጠገብ ሊገለብጠው ሲል ዳር ያዘና ዛፍ ስር አቆመ። ድንጋጤው እስኪበርድለት ጋደም ሲል እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ቀብሩ አልፏል። ማንም አላየውም።

«ንፋሱ ስንት ነው?» አለችው የሻረግ።

«ስልሳ።»

«አሮጌዎቹስ?»

«እነሱም ስልሳ። ጎማ ጠጠር ካላለ ጭነት አይሸከምም። ጌትነት ቀንስ ቀንስ ይለኛል፤ እሱ ምን አለበት፣ ጭነት አይጭን።»

የሻረግ ልትወጣ ስትነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ናጅዋን አገኟት?»

አላገኘኋትም አለችው።

«ፖሊስ ቢለቀኝ ምን ዋጋ አለው» አለ። «ሼሁ ፋና አንብበው ሌባ ያሉት ሰው ሌባ ነው። ራሳቸው ተሳስቻለሁ ካላሉ ናጅዋ ወደኔ አትመለስም። ደግሞ በዕድሜያቸው ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም።»

ዓሪፍ በበኩሉ ሌላ ሰው አግኝቶ መጣ። ናትናኤል የሚባል የፓምፕ ጠጋኝ አለ፤ የመርሳ ልጅ። ፓምፑን ሲፈታና ሲገጥም የኖረው እሱ ነው፤ ብረት መቁረጫ አለው፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከስራ ቦታው ጠፍቷል። ነገሩ ጥሩ ሸትቷቸው ሄዱ። ናትናኤል ለካ ውርጌሳ ወፍጮ ተበላሽቶ ሲጠግን ነው የዋለው። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ምስክር ሆኑለት፤ አንዲቱማ «ሲጎተትብን ዋለ እንጂ የት ይሄዳል» ብላ አማረረችለት። ሰውየው መጠርጠሩ ከነከነው፤ ቢሆንም የሻረግ መጠየቅ ስትጀምር ሙያው አሸነፈውና አወራት። የዚያ ፓምፕ ሞተር ውሃ ብቻ የሚስብ አይደለም አላት። የፓምፑን ራስ ፈትተሽ ቺንጋ የሚሉትን የላስቲክ ቀበቶ ካስገባሽበት የፈለግሽውን ያዞርልሻል። ቢቀባም ቢሸሸግም እሱ አይስተውም፤ የሞተሩ አንድ እግር ተሰብሮ በራሱ እጅ የበየደው ነውና።

ስለዚህ ያልታየው ወልድያ ብቻ ነበር።

ወልድያ ሲገቡ መብራት ጠፍቷል። የሱቁ ሁሉ ጄኔሬተር መንገድ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ጄኔሬተር የሌላቸው ጎማ ሰሪዎች ስራ ፈትተው ካርታ ይጫወታሉ፤ ጌትነት ቤት ግን ባጃጅና ሚኒባስ ተሰልፏል። ጌትነት ቀጠን ያለ፣ የንፋስ መለኪያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ስለ ጁነይድ ስትጠይቀው አዘነ። በጩኸቱ መሀል ጆሮዋ ድረስ ተጠግቶ መለሰላት። ጁነይድ ወንድሙ ማለት ነው፤ ሆኖም ሕግ ፊት አይዋሽለትም። ጎማዎቹን የገጠመለት ሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የመጣው። አሮጌዎቹን ወደ ራያ የሚሄድ አንድ መንገደኛ እዚያው ገዝቷቸዋል።

ዓሪፍ የሻረግን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። አለቀ ማለቱ ነው። እሷ ግን ከሐሙስ ይልቅ አሁንም የሚያብከነክናት ስልሳው ነበር።

«ለመሆኑ ስልሳ ይበዛል?» አለችው።

ጌትነት ፊቱ በራ። የተሰለፈውን ደንበኛ ረሳው።

«ለምኑ ነው የሚበዛው? ጥያቄው እሱ ነው!» አላት። «ሰው ጎማ ይቀይራል፤ ንፋሱን ግን አይቀይርም። የሾፌሩ በር ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለመጣው ጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ደግሞ ሙላ የሚል አይደለም፤ ከዚህ አትለፍ የሚል ነው። ሰፋ ያለ ጎማ ስትገጥሚ ያንኑ ሸክም ባነሰ ንፋስ ይሸከምልሻል። ስልሳ ከሞላሽበት ሆዱ ይነፋና በመሀሉ ብቻ ይሄዳል፤ ባዶውን ሲሆን ደግሞ ይነጥራል።»

«ታዲያ ልኩን በምን አውቃለሁ?»

ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። የፖሊሱን ፒካፕ ጎማ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሰመረበት፤ ዓሪፍን መኪናውን ሜዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ጥቂት እንዲነዳው አደረገ። መሀሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል፤ እኩል ከጠፋ ልክ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው፤ ጭነት ካለ የኋላዎቹ ጎማዎች ላይ ትንሽ ይጨመራል። የፖሊሱ ጎማ ዳርና ዳሩ ብቻ ጠፍቶ ተገኘ። ጌትነት ሕፃን ተርቦ ያየ ያህል አዘነና ቱቦውን ስቦ ሞላላቸው፤ እንደገና አሰመረ፣ እንደገና አስነዳ። እኩል እስኪጠፋ አልለቀቃቸውም። ሊከፍሉት ሲሉም እምቢ አለ።

«ይሄማ ደግ ሰው ነው» አለ ዓሪፍ በመንገድ ላይ። መኪናውም እውነት ለመናገር ለስለስ ብሎላቸው ነበር።

መርሳ እንደደረሱ የሻረግ ከጣቢያው ሰሌዳ ጠመኔ አንስታ በቀጥታ ወደ ጁነይድ መኪና ሄደች። አሰመረችበት፤ ዓሪፍ ነዳው። የተሰመረው መሀሉ ላይ ብቻ ጠፋ። ጌትነት እንዳለው ነው። ያኔ ጎማውን በእጇ ስትዳብስ ጣቷን አንድ ነገር ኮረኮራት። አዲስ ጎማ ላይ ጸጉር የመሰሉ የላስቲክ ክሮች አሉ፤ መንገድ እየበላቸው ነው የሚያልቁት። ጠርዙ ላይ ሁሉም ቆመዋል፤ አስፋልት አልነካቸውም። መሀሉ ላይ ግን አንድም የለም፤ ተላጭቷል።

«ዓሪፍ፣ ከወልድያ እስከዚህ ብቻ የተነዳ ጎማ እንዲህ ይላጫል?»

ዓሪፍ ትከሻውን ነቀነቀ። እሷም ነገር በግምት አትተውምና መርሳ መናኸሪያ ወረደች። ትናንት አዲስ ጎማ አስገጥሞ ደሴ ደርሶ የመጣ ሚኒባስ አፋልጋ አገኘች። ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ሲያያት ጎማውን እንደ በግ ዳበሰችው። ጸጉሩ መሀሉም ላይ አለ፤ ደሴ ደርሶ መልስ እንኳ አልጨረሰውም። የጁነይድ ጎማ እንግዲህ ከዚያ እጅግ የበለጠ መንገድ ሄዷል። ሰኞ ነው የተገጠመው፤ ቆቦ ሲመላለስበት ነው ያለቀው። ጌትነት ዋሽቷል።

«ምናልባት ቀኑ ተሳስቶበት ይሆናል» አለ ዓሪፍ፤ ንፋሱን የሞላለት ሰው ክፉ እንዲሆን አልፈለገም።

«ይሆናል» አለች የሻረግ። «ሼሁን እንጠይቅ።»

ሼህ አብዱልሐሊም የጁነይድ ቤት ደጃፍ ላይ አገኟት። ቤቱ ተዘግቷል። ባለፈው ዝናብ ጊዜ ጁነይድ ብርቱካን ጭኖ ከጭቃው የወጣበት ዱካ ደርቆ እንደ ሸክላ ቀርቷል። የሻረግ የጠየቀቻቸው ያንን እንዲያነቡላት ነው። ጎንበስ አሉ። ጠባሳዋ አለች። ዙሪያዋ ልሙጥ ነው፤ ጠርዝ ላይ የታተመ ጥርስ ግን የለም። መኪናው ተጭኖ፣ በጭቃ ላይ ሄዶ፣ ዱካው እንደ ገመድ ቀጭን ነው። የፓምፑ ጋ ያለው ደግሞ ባዶ ሆኖ እንኳ ሰፍቷል።

የሻረግ ከጌትነት የተማረችውን በአፈር ላይ እየሳለች አስረዳቻቸው። ጁነይድ ጎማውን እስከ ጥግ ስለሚነፋው ዘመኑን ሁሉ በመሀሉ ነው የሄደው፤ መሀሉ ያለቀው፣ ጠርዙ አዲስ እንደሆነ የቀረው ለዚህ ነው። ያንኑ ጎማ ሌላ ሰው ንፋሱን ለመኪናው ልክ አድርጎ ቢነዳው፣ ያ ያልተነካው ጠርዝ መሬት ይነካል።

 ሼሁ ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ የደረቀውን ዱካ በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ከብት ኮቴውን አውልቆ ለሌላ አይሰጥም» አሉ። «እኔ እንደዚያ ነበር የማነበው። ኮቴው ያው ነው ልጄ፤ ጋላቢው ግን ሌላ ነው።» ወደ ተዘጋው በር ቀና አሉ። «ልጄን ምን አደረግኋት?»

 የሻረግ ወደ መኪናው ስትመለስ ዓሪፍ ማን ሊሆን ይችላል እያለ ስሞች ይደረድራል። እሷ ግን አንድ ነገር ነው የምታስበው። ከመርሳ እስከ ቆቦ ያለ ሾፌር ሁሉ ጠጠር እስኪል ነው የሚያስሞላው። የሰው ጎማ ሰርቆ፣ ለስርቆት አስገጥሞ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ንፋሱን በልክ የሚያስተካክል ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው? እስካሁን ያገኘችው እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀን ዋሽቷል። እስኪ ልየው አለች።

ናትናኤልን አስከትለው ወልድያ ሲገቡ መብራቱ አሁንም አልመጣም። የጌትነት ፒካፕ ደጁ ላይ ቆማለች፤ ጎማ የሚገጠምበት ቸርኬዋ ልኩ ከጁነይድ መኪና ጋር አንድ ነው። የሻረግ ጠመኔዋን አወጣችና ሳታስፈቅድ ጎማው ላይ አሰመረች። ጌትነት እየሳቀ ራሱ ገብቶ ነዳላት። መስመሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ጠፋ።

«ልክ ነው» አለች።

«የኔ ሁሌም ልክ ነው» አለ ጌትነት።

«ግራና ላይም ልክ ነበር።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። የሻረግ ካርታ የሚጫወቱትን ጎረቤቶቹን አየቻቸው፤ ከዚያ ባጃጅ ጎማ ላይ የሚያፏጨውን የንፋስ ቱቦ አየች። መብራት የለም፤ እዚህ ቤት ደጅ ደግሞ ጄኔሬተር አላየችም። ንፋሱ ታዲያ ከየት ይመጣል? ቱቦውን በዓይኗ ተከትላ፣ ከዚያ በእግሯ ተከትላ፣ ከግንቡ ጀርባ ገባች። አረንጓዴ ቀለም አዲስ የተቀባ ሞተር ኮምፕሬሰሩን በቺንጋ እያዞረ ይንደቀደቃል። ናትናኤል ተንበርክኮ የሞተሩን እግር በሚስማር ፋቅ አደረገ።

«የኔ ብየዳ ነው» አለ።

የፖሊሱን መኪና የሞላው ንፋስ ከተሰረቀው ሞተር የወጣ ነበር። ዓሪፍ አፉን ይዞ ቀረ።

ጌትነት አልተከራከረም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አወራ። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ተዘርፏል፤ ያለውን ሁሉ ነው የወሰዱበት። በብድር ዕቃ እንደገና ጀመረ፤ መብራቱ ግን ቀን ሙሉ አይኖርም፤ ደንበኛ መጥቶ ንፋስ የለም ብሎ መመለስ አንገበገበው። ጁነይድ መርዶውን ሲሰማ አጠገቡ ነበር። መንደሩ በሙሉ ቀብር እንደሚወጣ የዚያን ጊዜ ገባው። የጁነይድን አሮጌ ጎማዎች የራሱ መኪና ላይ ገጠመና ሄደ፤ ሰንሰለቱን ቆርጦ ፓምፑን በሳንቃ ላይ ስቦ ጫነው። ኋላ ጎማዎቹን ፈትቶ ከጎማ በረባሶ ጫማ ለሚሰራ ሰው ሰጣቸው።

«ማስረጃው ወልድያ ገበያ ላይ በሰው እግር ይሄዳላ» አለ ዓሪፍ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«ወንድሜ ያልከውን ሰው አሳሰርከው» አለችው የሻረግ።

«ይታሰራል ብዬ አይደለም!» አለ ጌትነት፤ አሁን ገና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ፋናውን የሚያነቡት ሼሁ ናቸው። የልጃቸው ባል ነው። አይተው ዝም ይላሉ፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል ብዬ ነው። ማን ሰው ነው በገዛ አማቹ ላይ የሚመሰክር?»

የሻረግ ይሄን ስትሰማ ደነቃት። ሰውየው የሼሁን ዓይን አምኖ ሐቃቸውን ግን አላመነም። አንድ የቀራትን ጠየቀችው።

«ሁሉን አስበሃል። ንፋሱን እንደ ጁነይድ ስልሳ ብታደርገው ኖሮ እኮ አላገኝህም ነበር። ለምን አልሞላኸውም?»

ጌትነት የተሰደበ ይመስል ቀና አለ።

«በኔ መኪና ላይ? ስልሳ?» አለ። «ጎማ ይበላሻል እኮ!»

ጁነይድ የተፈታ ዕለት መርሳ ጣቢያው ደጅ በግራና ሰው ሞላ። ሼህ አብዱልሐሊም ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ናጅዋ ሻሿን ጠምጥማ ቆማለች። ሼሁ ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ተሳስቻለሁ ብለው ለሁሉ ተናግረዋል። አሁን ጁነይድ ፊት ሲደርሱ ጥምጣማቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«አፉ በለኝ ልጄ» አሉ።

ጁነይድ ጥምጣሙን ከእጃቸው ተቀብሎ መልሶ ራሳቸው ላይ አደረገላቸው። «አፉ ብያለሁ» አለ።

«አላህ ይውደድህ። ሚስትህንም ይኸው መልሼልሃለሁ።»

ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ ሊል አፉን ሲከፍት ናጅዋ ተናገረች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«አባዬ፣ ሲወስዱኝ አልጠየቁኝም። አሁን ሲመልሱኝም አልጠየቁኝም።»

ሼሁ ዞር ብለው አዩዋት።

«ጁነይድ ሰኞ ማታ ደውሎልኛል» አለች። «አዲስ ጎማ ገጠምኩ፣ መኪናው ግን ይነጥራል አለኝ። እስቲ ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። የጎማውን ነገር ልንገርዎት ስል ፋና አይዋሽም ብለው ዝም አሰኙኝ። ፖሊስም መጥቶ ዱካውን ለካ፤ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዶ ሴቶቹን ጠየቀ። እኔን ግን አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

የሻረግ ፊቷ ጋለ። የሚኒባስ ጎማ እንደ በግ ዳብሳለች፤ ከደረቀ ጭቃ ጋር ተነጋግራለች። በሼሁ ቤት አጠገብ ስንቴ አለፈች? ወደ ጁነይድ ዞረችና ለምን ይህን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«በአባቷ ላይ ምስክር ላቁማት?» አለ ጁነይድ። «አስሬም ልታሰር።»

ከዚያ ወደ ናጅዋ ዞረ። ሰው ፊት የማያየው ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ቀጥ ብሎ አያት።

«ናጅዋ፣ ትመጫለሽ?»

ናጅዋ ወዲያው አልመለሰችም። ሼሁ «በይ እንጂ» ሊሉ ነበር፤ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ከግራና የመጣው ሕዝብ ሁሉ፣ ዓሪፍም ጭምር፣ የአንዲት ሴት ቃል እየጠበቀ ቆመ። የሻረግ ያን ዝምታ በሕይወቷ ከሰማችው ንግግር ሁሉ በላይ ወደደችው።

«እመጣለሁ» አለች ናጅዋ፤ የፒካፑን በር ራሷ ከፍታ ገባች።